ዝም ስል "ዳነ" አሉኝ፤ ድሬ ላይ የድብርት መድሃኒት ያስጨመርኩበት ክሊኒክ፣ ከ5 ኮከብ 4

መጀመሪያ ስም አልጽፍም። የክሊኒኩንም፣ የዶክተሯንም፣ የፋርማሲዎቹንም። ድሬ ትንሽ ናት አቦ፣ ከዚራ ላይ ያስነጠሰ ሳቢያን ላይ ይማርህ ይባላል፣ ስም ከጻፍኩ ነገ ባጃጅ ውስጥ "አንተ ነህ አይደል እንትን ላይ የጻፍከው" የሚለኝ አይጠፋም። ከዚራ ውስጥ ዛፍ ጥላ ካለበት መንገድ ላይ፣ ፎቅ ላይ ያለች ትንሽ የግል የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ናት፣ የፈለገ ጠይቆ ያገኛታል። ሪቪው የምጽፈው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በምወስደው የስኪዞአፌክቲቭ መድሃኒት ላይ የድብርት መድሃኒት ሲጨመርልኝ እንዴት እንደተጨመረ። ሁለት ጊዜ ነው የተጨመረልኝ፣ አንዱ ሌላ ቦታ በአራት ደቂቃ ውስጥ፣ ሁለተኛው እዚህ ወራት ፈጅቶ፣ ስለዚህ ልዩነቱን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም ብል አልዋሸሁም።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ስኪዞአፌክቲቭ ማለት የስኪዞፍሬኒያው ነገር አለ፣ ድምፅ መስማት፣ ሰው እየተከታተለኝ ነው ማለት፣ ቲቪው ስለኔ ነው ሚያወራው ማለት፣ እሱ ላይ ደሞ የስሜቱ ነገር ይጨመራል፣ ወይ ድብርት ወይ ማኒያ፣ ማኒያ ማለት ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ ሲንር ነው። ሁለት አይነት አለው፣ ድብርት ብቻ ያለበትና ማኒያም ያለበት፣ የኔ ማኒያ ያለበት ነው፣ ባይፖላር ታይፕ ይሉታል። መጀመሪያ አዲስ አበባ ወስደውኝ ስኪዞፍሬኒያ ተብዬ ነበር፣ ስሙ የተቀየረው በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ስሜቴ ደህና ሆኖ እንኳን ድምፁ ለብቻው ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል፣ ደሞ ከታመምኩበት ጊዜ አብዛኛው ላይ የስሜቱ ችግር አለ፣ ሁለቱም ካሉ ነው ይሄ ስም ሚሰጠው። እናቴ ስሙን እስካሁን አትጠራውም። "የልጄ ነገር" ነው ምትለው፣ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለችውም በዚሁ ስም ነው፣ እሱ ይገባዋል ትላለች።

እና ሪስፔሪዶን ሚባለው የሳይኮሲስ፣ ማለት የድምፁና የጥርጣሬው መድሃኒት፣ 6 ሚሊግራም ላይ ስደርስ ድምፁ ጠፋ። እውነቴን ነው፣ በጣም ጥሩ መድሃኒት ነው፣ አልክድም። ግን ድምፁ ሲጠፋ እኔም አብሬ ጠፋሁ። ዝም አልኩ። ሰፈሩ ደስ አለው፣ አክስቴ ከሐረር መጥታ "ተመስገን ልጁ ሰከነ" አለች፣ ጎረቤታችን ደሞ ወላሂ ድኗል እያለች ለእናቴ ሀላዋ አመጣችላት። እኔ ደሞ አጎበር ውስጥ ተኝቼ አጎበሩ ላይ ያለውን ቀዳዳ እያየሁ ነው። እናቴ ጠዋት ፋቲራ በእንቁላልና በማር ገዝታ ታመጣልኛለች፣ ልጅ ሆኜ ለፋቲራ ትምህርት ቤት ረፍጄ ነው ምሄደው፣ ያኔ ግን ሳህኑ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ማሩ ይወርዳል፣ እንቁላሉ ጠርዙ ላይ እየደረቀ ይነሳል፣ ዝንብ ይመጣል፣ እያየሁት ነው፣ እጄን ማንሳት ግን አልችልም። አልችልም ስል እጄ ታሞ አይደለም፣ ለምን ላንሳው ነው ነገሩ። ስድስት ወር እንዲህ ሆንኩ። ስድስት ወር ሙሉ ድኗል እየተባልኩ።

በመጨረሻ ወንድሜ ነው የነቃው። "ይሄ ልጅ ጤና ከሆነ ለምን አይሳደብም" አለ፣ ድሬ ላይ ጤና ሚለካው በዚህ ነው መሰለኝ። ወሰደኝ አንድ ቦታ፣ የትም ይሁን፣ አልናገርም። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን በደንብ አላየኝም፣ ወንድሜ "ደብቶታል" አለ፣ እሱ "እሺ የድብርት እንጨምርለት" አለ፣ ፍሎክሰቲን 20 ጻፈ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ፣ የወር ቀጠሮ፣ ወጣን። አራት ደቂቃ ነው ያልኩት ወንድሜ ባጃጁን ቆመህ ጠብቀን ብሎት ስለነበር ነው፣ ባለባጃጁ ለመጠበቂያ እንኳን አልጨመረብንም።

አሁን ፍሎክሰቲን መጥፎ መድሃኒት ነው እያልኩ አይደለም፣ ስንቱን ያዳነ መድሃኒት ነው። እኔ ላይ ግን ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው በሁለተኛው ሳምንት ነው የጀመረው፣ መቀመጥ አቃተኝ። ከእግሬ ውስጥ አንድ ነገር ተነስ ተነስ ይለኛል፣ ምሳ ላይ ሦስቴ አራቴ እነሳለሁ፣ እጄ ሻይ ብርጭቆ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል፣ ማታ ደቻቱ ወንዝ ወርጄ ውሃ ስለሌለበት አሸዋው ላይ ከድልድይ ድልድይ እመላለሳለሁ። ሁለተኛው ከዛ በኋላ መጣ፣ እንቅልፍ ጠፋ፣ ሦስት ቀን አልተኛሁም ግን አልደከመኝም፣ እንደውም እንደዛ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ሀሳብ በሀሳብ ላይ፣ ቋንቋ ሁሉ ሚገባኝ መሰለኝ፣ ሰዉም "ዛሬስ ሳቀ፣ ተመስገን" ይላል። በሦስተኛው ቀን ታይዋን ገበያ ገብቼ በወንድሜ ስም በዱቤ አራት ቬንትሌተር ገዛሁ። አራት! ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ለምን ስባል "ሰፈሩ ሞቆታል" አልኩ፣ ሰፈሩ ደሞ በእርግጥ ሞቆታል፣ ግንቦት ነበር፣ ስለዚህ ለደቂቃ ማንም ምን እንደሚመልስልኝ አላወቀም። ባለሱቁ አልመልስም አለ። አንዱ ሳሎናችን ውስጥ እስካሁን ይሽከረከራል፣ አንዱን አክስቴ ወሰደች፣ ሁለቱ ካርቶናቸው ሳይከፈት አልጋ ስር ናቸው።

በሳምንቱ ድምፁ ተመለሰ። ያኔ ነው እዚህች ክሊኒክ የመጣነው።

እንግዲህ ሪቪው ከዚህ ይጀምራል።

መጠበቂያው ክፍል ዜሮ ነው፣ ከአሁኑ ልናገርና ይውጣልኝ። ስድስት ወንበር፣ ሁለቱ የተሰበሩ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ቬንትሌተር አይሠራም፣ በግንቦት በድሬ ቬንትሌተር ማይሠራበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ለጤነኛም ይከብዳል። ለኛ ደሞ ይበልጥ፣ ምክንያቱም የሳይኮሲስ መድሃኒቶች ሰውነት ሙቀቱን እንዳይቆጣጠር ያደርጋሉ፣ አርቴን ሚሉት መንቀጥቀጥን ሚያስታግሰው ክኒን ደሞ ላብ ይቀንሳል፣ ላብ ካልወጣ ሙቀቱ ሰው ውስጥ ይቀራል። ይሄን የነገረችኝ ራሷ ዶክተሯ ናት፣ እያወቀች ቬንትሌተሩን አለማሠራቷ ነው የገረመኝ። አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለዚሁ ነው። አንድ ሰአት ከሩብ ጠበቅን።

ከገባን በኋላ ግን ሌላ ዓለም ነው። ዶክተሯ ከደጋ የመጣች ናት መሰለኝ እናቴን "እርስዎ" ብላ ጀመረች፣ እናቴ ሳቋን ለቀቀችው፣ "አንቺ ልጅ፣ ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ አንቺ በይኝ" አለቻት። ከዛ በኋላ ነው ወሬው የተከፈተው። ዶክተሯ ሌላ ቦታ የተሰጠኝን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ እንድንዘረግፍ አደረገች፣ ክኒኑን፣ ካርቶኑን፣ ሌላው ቀርቶ እናቴ ለሆድ ድርቀቴ የገዛችውን ሽሮፕ፣ አንድ በአንድ እያነሳች ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት፣ ማን አዘዘው። ከዛ ወደኔ ዞራ "በቀን የስንት ብር ትቅማለህ" አለች። ይሄን ልብ በሉልኝ። "ትቅማለህ ወይ" አላለችም። ትቅማለህ ወይ ብትለኝ አይ ነበር ምላት፣ እናቴ እኮ አጠገቤ ናት። የስንት ብር ስትል ግን ዋጋው አመለጠኝ። ከዛ ቀጠለች፣ ማታ ጨብሲ (ምርቃናውን ለማብረድ ሚጠጣው መጠጥ) አለ ወይ፣ ሳትቅም ስትውል ዱካክ (ጫት ሲቀር ሌሊት ሚመጣው ቅዠት) ይመጣብሃል ወይ፣ ሐራራው ሲይዝህ ስሜትህ እንዴት ነው፣ የሚደብትህ ምርቃናው ሲለቅህ ብቻ ነው ወይስ ጠዋትም። እኔ ዶክተር ጨብሲ ሚለውን ቃል ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ሚባለው ነገር ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል አለች፣ ማነቃቂያ ነው፣ አንድ ሰው ከሰአት በርጫ ላይ ድምፁን እያስነሳ ማታ በሪስፔሪዶን ካስተኛው መድሃኒቱ አልሠራም ማለት አይቻልም፣ ማታ ምትወስደውን ከሰአት እያፈረስከው ነው አለችኝ። አልተቆጣችም ግን።

ከዛ እናቴን ለአምስት ደቂቃ ውጪ ጠብቂን አለቻትና ቀጥ አድርጋ ጠየቀችኝ፣ "ባልነቃ ብለህ ተኝተህ ታውቃለህ?" አለች። አዎ አልኳት፣ ብዙ ጊዜ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። አልደነገጠችም፣ ፊቷም አልተቀየረም፣ መቼ መቼ፣ ምን አስበሃል፣ ምን አስቀረህ እያለች ጠየቀች፣ እኔም መለስኩ። ሲያልቅ "ይሄን ለናትህ አንድ ላይ ብንነግራት ይሻላል፣ አንተ ንገራት እኔ አለሁ" አለች። ነገርኳት። እናቴ አላለቀሰችም፣ ነጠላዋን አስተካክላ "ስድስት ወር ሙሉ ፋቲራ እያመጣሁ" አለች፣ በቃ ሌላ ምንም አላለችም።

አሁን የመድሃኒቱ ጉዳይ። ፍሎክሰቲኑን ያን ቀን አቆመችው። ለምን እንደሆነ ወረቀት ላይ ጉበት ስላ ነው ያስረዳችኝ፣ ስእሉ ጉበት ሳይሆን ሳምቡሳ ነው ሚመስለው፣ ግን ገባኝ። ሪስፔሪዶንን ጉበት ውስጥ ሚቀይረው አንድ ኢንዛይም አለ፣ ሲዋይፒ ቱዲሲክስ ይባላል፣ ፍሎክሰቲን ደሞ እሱን ኢንዛይም ይዘጋዋል፣ ስለዚህ እኔ ምውጠው 6 ሚሊግራም ቢሆንም ደሜ ውስጥ ያለው ከዛ በላይ እንደወሰድኩ ሆነ ማለት ነው። እግሬ ተነስ ተነስ ሚለኝ፣ እጄ ሚንቀጠቀጠው ከዛ ነው። ሌላም ነገር ነገረችኝ ደስ ያለኝ፣ ውጭ ሀገር ፓሊፔሪዶን ሚባል መድሃኒት አለ፣ አሜሪካ ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. ለስኪዞአፌክቲቭ ተብሎ የተፈቀደ፣ ለብቻውም፣ ከስሜት ማረጋጊያ ወይም ከድብርት መድሃኒት ጋርም፣ ያ ፓሊፔሪዶን ሚሉት ደሞ ራሱ ሪስፔሪዶን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲቀየር የሚሆነው ነገር ነው። ማለት እኔ ጉበቴ ውስጥ እየሠራሁት ነው። ለወንድሜ ስነግረው "ታዲያ ለምን አንሸጠውም" አለ።

ቬንትሌተሮቹን ደሞ ስትሰማ ሳቀችና ከዛ አልሳቀችም። ማኒያ ከዚህ በፊት ያለበት ሰው የድብርት መድሃኒት ለብቻው ሲጨመርለት ወደ ማኒያ ሊገለበጥ ይችላል፣ ስለዚህ ከስሩ የስሜት ማረጋጊያ መኖር አለበት አለች። ያኛው ሰውዬ "ከዚህ በፊት እንቅልፍ ሳትተኛ ሳይደክምህ የቆየህበት ጊዜ አለ ወይ" ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ ወንድሜ የአራት ቬንትሌተር እዳ የለበትም ነበር። ሊቲየምና ሶዲየም ቫልፕሮኤት ሁለቱንም አወራችን። ሊቲየም ጎበዝ ነው ግን መጠኑ በደም ምርመራ መታየት አለበት፣ ሰው ውሃ ሲያጥረው ደም ውስጥ ይከማቻል፣ የድሬን ሙቀትና የኔን ከሰአት በርጫ ስታስብ ልቧ አልፈቀደም፣ ቫልፕሮኤት ይሁን አለች፣ የጉበትና የደም ምርመራ አስደርጋ ጀመረችልኝ። ሴት ታካሚ ብትሆን ኖሮ፣ በተለይ ልትወልድ ምትችል፣ ቫልፕሮኤትን አልሰጥህም ነበር አለች፣ ጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት አለው። ይሄን እዚህ የጻፍኩት እህት ያላችሁ እንድትጠይቁ ነው።

እና እኔ ጠበቅኩ፣ አሁን የድብርቱን ትጽፋለች ብዬ። አልጻፈችም! ተናድጄ ነው የወጣሁት፣ ገንዘብ ከፍዬ፣ አንድ መድሃኒት አስቁማ ሌላ ሰጥታ፣ የመጣሁበትን ነገር ሳትነካው። በዛን ቀን ሪቪው ብጽፍ ሁለት ኮከብ ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ ነው የገባኝ። ማኒያው ወርዶ ያው ዝምታዬ ተመልሶ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አስኬደችኝ፣ ክንዴን ይዛ አጠፈች ዘረጋች፣ ስሄድ እጄ እንደማይወዛወዝ እናቴን አሳየቻት። አንድ ሰው ዝም ሲል በሦስት መንገድ ሊሆን ይችላል አለች፣ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ከበሽታው ራሱ የሚመጣ ፍላጎት ማጣት ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደሞ የሳይኮሲስ መድሃኒቱ በዝቶበት ሰውነቱንና ፊቱን አስሮት ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ መድሃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ሦስተኛው ከሆነ ክኒን በክኒን ላይ መደረብ ሳይሆን መቀነስ ነው። ሪስፔሪዶኑን ቀስ በቀስ ወደ 4 አወረደችው። እውነትም በሦስት ሳምንት ውስጥ እጄ መወዛወዝ ጀመረ፣ ፊቴ ተንቀሳቀሰ፣ ጎረቤታችን "ወላሂ መልክህ ተመለሰ" አለችኝ። ግን ውስጤ አልተመለሰም። ጠዋት መነሳት ያው ነው፣ ባልነቃ ሚለው ያው ነው። ስነግራት "አሁን ድብርት መሆኑን አወቅን" አለችና ያኔ ሰርትራሊን ጻፈች። 25 ሚሊግራም ለአንድ ሳምንት፣ ከዛ 50። በቫልፕሮኤቱ ላይ። በሁለት ሳምንት ተመለስ፣ ክኒኑም የሁለት ሳምንት ብቻ፣ እናትህ ጋ ይቀመጣል።

ምን መጠበቅ እንዳለብኝ አስቀድማ ነገረችኝ፣ ይሄ ለኔ ከመድሃኒቱ እኩል ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሆድህ ይረበሻል፣ ከምግብ ጋር ውሰደው፣ ስሜቱ እስኪነሳ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ነው፣ ከስሜቱ በፊት ጉልበት ሊመጣ ይችላል፣ ያ ጊዜ አደገኛው ነው ምክንያቱም ሀሳቡ ሳይሄድ አቅም መጣ ማለት ነው፣ ከ25 ዓመት በታች ያሉት ላይ ይበልጥ ይጠበቃል፣ አንተ 29 ብትሆንም እንጠብቅሃለን። ለእናቴ ደሞ ለብቻዋ፣ እንቅልፉ ድንገት ከቀነሰ፣ ወሬው ከፈጠነ፣ ገንዘብ ከበተነ፣ "ዛሬስ ሳቀ" ብለሽ እንዳትደሰቺ፣ ደውዪልኝ። እናቴ ይሄን "የቬንትሌተር ምልክት" ብላ ነው የያዘችው። ስልኳን ሰጠችን፣ አንድ ቀን ማታ ሁለት ሰአት ላይ ደውለን አንስታለች።

ፋርማሲው ላይ ግን ጉድ ነው። ከክሊኒኩ አጠገብ ካለው ስሄድ ሰርትራሊን አልቋል፣ "ፍሎክሰቲን አለ፣ ያው ነው፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው" አለኝ ልጁ። አንድ ቤተሰብ መሆናቸውስ እውነት ነው፣ ግን እኔና ወንድሜም አንድ ቤተሰብ ነን። ሁለተኛው ጋ የለም። ሦስተኛው መጋላ ውስጥ ነው፣ አንዲት ቆፍጣና ፋርማሲስት፣ ማዘዣውን አይታ "ሌላ ምን ትወስዳለህ" አለች፣ ዘረዘርኩላት፣ "ትራማዶልስ?" አለች ድምጿን ቀንሳ። አልወስድም ግን ከጓደኞቼ ሚወስድ አለ። ከሰርትራሊን ጋር አንድ ላይ እንዳይገናኝ፣ ሴሮቶኒን ሚባለው የአንጎል ኬሚካል ከመጠን በላይ ይሆንና ሰውነት ይግላል ይንቀጠቀጣል፣ ሚጥል በሽታም ሊያስነሳ ይችላል፣ ለራስ ምታት አይቡፕሮፌንም አታብዛ ደም ሊያፈስህ ይችላል፣ ፓራሲታሞል ውሰድ አለችኝ። አምስት ኮከብ ለሷ። አሁን ወር በወር ከሷ ነው ምገዛው፣ ከሳቢያን መጋላ ድረስ በባጃጅ እየሄድኩ።

እንዴት ሆነ ለሚል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ሆዴ እንዳለችው ሆነ። ላቡ ግን ማንም አይንገራችሁ! ሰርትራሊን ያልባል፣ ድሬም ያልባል፣ ሁለቱ ሲገናኙ በቀን ሁለት ሸሚዝ ነው ምቀይረው፣ ሌሊት ፍራሹ ይርሳል። ውሃ ይዤ ነው ምንቀሳቀሰው። በወንድ ነገርም ችግር አለው፣ እወቁት፣ ይዘገያል፣ ሪስፔሪዶኑም ፕሮላክቲን ሚባለውን ሆርሞን ስለሚያነሳ ፍላጎቱን ይቀንሳል፣ ይሄን ለዶክተሯ ለመናገር ሦስት ቀጠሮ ፈጀብኝ፣ ስናገር ደሞ "ለምን እስካሁን ዝም አልክ" ነው ያለችው። ብዙ ወንድ በዚህ ምክንያት ለማንም ሳይናገር መድሃኒቱን ያቆማል። ሰርትራሊን ድንገት ሲቆም ያዞራል፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካህ ያደርጋል፣ አንዴ ሁለት ቀን ረስቼው አይቼዋለሁ።

አራተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ምንም ልዩ ነገር አልሆነም፣ ብርሃን ምናምን አልበራም። ጠዋት ነው፣ እናቴ ፋቲራውን አስቀምጣ ወጣች፣ እኔ ስልክ እያየሁ ነበር፣ ስመለከት ግማሹን በልቼዋለሁ። አላስታውስም እጄን ሳነሳ። ተመልሳ ሳህኑን አየችና ምንም ሳትል ሄዳ ሌላ አንድ ገዝታ መጣች፣ ሁለተኛውን እንኳን አልቻልኩትም።

አሁን ስምንት ወር ሆኖኛል። ድምፁ አልፎ አልፎ ማታ ይመጣል፣ ድሮ ስሜን ይጠራኝ የነበረው አሁን ሩቅ ጎረቤት ቤት እንደሚያወራ ሰው ነው። ጫቱን አላቆምኩም፣ አልዋሽም፣ ግን ከየቀኑ ወደ ሳምንት አንዴ ወርዷል፣ ጨብሲ የለም። ጾም ላይ መድሃኒቱን እንዴት ላድርግ ብዬ ስጠይቅ አትጹም አላለችኝም፣ ሰርትራሊኑን ከምትፈታበት ምግብ ጋር አድርገው አለች፣ ጎረቤታችን ልጅ ደሞ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ እንዲወስድ እንዳደረገችው ነግሮኛል። አክስቴ አሁን "ልጁ ተመለሰ" ትላለች፣ ያኔ ሰከነ ያለችውን ረስታዋለች።

ዋጋው፣ ክትትል 350 ብር ነው፣ ካርዱ ለብቻ፣ ምርመራው ሌላ ቦታ በራስህ ኪስ። መንግስት ሆስፒታል በጤና መድን ከምትከፍለው ጋር አይወዳደርም፣ ለዚህ አሁን ሪስፔሪዶኑንና ቫልፕሮኤቱን በመድኑ አወጣለሁ፣ ሰርትራሊኑን ብቻ ነው ምገዛው፣ ይሄንንም ራሷ ናት ያማከረችኝ፣ "እዚህ ብቻ ና" አላለችም። ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ሌላ ሐኪም እንዲያነበው በግልጽ ጽፋ ሰጠችኝ፣ እጅ ጽሑፏ ይነበባል፣ ይሄ ራሱ ግማሽ ኮከብ ይገባዋል።

የኔን ዶዝ አትቅዱ። 4፣ 50 ያልኩት የኔ ነው፣ ያንተ ጉበት ሌላ ነው። ሐኪማችሁ በአራት ደቂቃ "እንጨምርለት" ካለ ግን እንቅልፍህ እንዴት ነበር ሳይል፣ ምን ትቅማለህ ሳይል፣ ክንድህን ሳያጥፍ ከሆነ፣ ባጃጁን አሰናብታችሁ ቁጭ በሉና እናንተ ጠይቁ።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 2 ሰአት ተኩል በፊት ድረሱ፣ ከ4 ሰአት በኋላ ከሄዳችሁ ተራው እስከ ምሳ ነው፣ ውሃ ያዙ።

አፕዴት፦ ትናንት ሄጄ ነበር። ወንበሮቹ ተጠግነዋል። ቬንትሌተሩ ያው ነው። ለእናቴ ስነግራት አልጋ ስር ካሉት አንዱን ጎትታ አወጣች፣ ካርቶኑን አቧራ ጠርጋ በር ላይ አስቀምጣዋለች፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ። ወንድሜ እዳውን ገና ከፍሎ አልጨረሰም፣ ስለዚህ እሱ ሥራ ሲወጣ ነው ምናወጣው።